ውሃ የሚቋጥሩ የቆዳ በሽታዎች ሲመሳሰሉ እንዴት ነው የምንለያቸው? ከአፍ ምርመራ እስከ ባዮፕሲ

ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲወጣ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው አለርጂ ነው፣ ነፍሳት ነክሶት ነው፣ ወይ ኢንፌክሽን ነው፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነን። ችግሩ የሚመጣው ነገሩ ሳምንታት ሲቆይ፣ አንቲባዮቲኩም የፈንገስ ቅባቱም ተሞክሮ እምቢ ሲል፣ አንዱ ቦታ ሲድን ሌላው ቦታ ሲነሳ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ላይ የማይታዩ፣ ሲያዩዋቸው ግን እርስ በርስ በጣም የሚመሳሰሉ በሽታዎች ወደ ጨዋታው ይገባሉ። ይሄንን የምጽፈው ለታማሚና ለቤተሰብም፣ ቆዳ ስፔሻሊስት አጠገቡ ለሌለ ጠቅላላ ሐኪምና ነርስም ነው። ራሳችሁን በራሳችሁ መርምራችሁ መድኃኒት እንድትጀምሩ ግን አይደለም፣ እሱን ከአሁኑ እንተማመን።

ነገሩን ሁሉ የሚፈታው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቆዳው የተላቀቀው የቱ ጥልቀት ላይ ነው? ላይኛው የቆዳ ንብርብር ኤፒደርሚስ ነው፣ ከስሩ ደርሚስ አለ። የኤፒደርሚስ ሴሎች እርስ በርስ ዴስሞግሌይን በሚባሉ ፕሮቲኖች ተያይዘዋል፣ ንብርብሩን በሙሉ ደግሞ ከደርሚስ ጋር የሚያጣብቅ ስስ ድንበር አለ። ሰውነት በራሱ ላይ አንቲቦዲ ሰርቶ ሴሎቹን እርስ በርስ ካላቀቃቸው ፔምፊገስ ነው፣ ድንበሩን ካጠቃ ደግሞ ፔምፊጎይድ ነው። እነዚህን ሁለቱን ዋልተር ሊቨር የሚባል ሐኪም በማይክሮስኮፕ አይቶ እስኪለያቸው ድረስ፣ ማለትም እስከ 1953 እ.ኤ.አ.፣ ሐኪሞችም አንድ ላይ ነበር የሚደባልቋቸው፣ ስለዚህ ግራ ቢገባችሁ አይግረማችሁ።

1. ከሁሉም በፊት፦ ድንገተኛ ነው ወይስ አይደለም?

የትኛው በሽታ ነው እያላችሁ ቀን አታጥፉ፣ መጀመሪያ ይሄንን እዩ። ሰውየው ባለፉት 4 ሳምንታት ገደማ አዲስ መድኃኒት ጀምሯል? በተለይ ኮትሪሞክሳዞል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እንደ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን፣ አሎፑሪኖል፣ ኔቪራፒን። ከዛ ትኩሳት፣ ቆዳው ሳይላጥ በፊት የሚያቃጥል ህመም፣ አፍ ዓይንና ብልት ላይ ቁስል፣ ቆዳው እየጠቆረ እንደ እርጥብ ወረቀት መላጥ ከመጣ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም (ብዙ ጊዜ መድኃኒት የሚያመጣው ከባድ የቆዳ መላጥ) ወይም ከሱ የባሰው ቴን ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ መድኃኒቱንም ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱ የሚለዩት በስፋት ነው፦ የተላቀቀው ቆዳ ከሰውነት ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ስቲቨንስ ጆንሰን፣ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ ቴን፣ መሃሉ ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ይባላል። ለመገመት የታማሚው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ገደማ ነው።

ህፃን ልጅ ላይ ግን ተመሳሳይ መላጥ ካያችሁ ሌላ ነገርም አስቡ። ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ የሚረጨው መርዝ ቆዳውን ከላይ ከላይ ይልጠዋል። ልጁ ሲነካ ያለቅሳል፣ አፉ ዙሪያ ይሰነጣጠቃል ቅርፊትም ይሰራል፣ የአፉ ውስጥ ግን ንፁህ ነው። ዋናው መለያ እሱ ነው፣ የመድኃኒቱ ችግር አፍ ውስጥ ይገባል፣ የባክቴሪያው አይገባም። ይሄም ሆስፒታል ያስፈልገዋል፣ ግን ህክምናው ፍጹም ሌላ ስለሆነ (አንቲባዮቲክ ነው) መለየቱ ትርጉም አለው።

2. የተለመዱትን አስወግዱ

ይሄንን በአጭሩ ልለፈው። በአንድ ጎን ብቻ በመስመር የወጣና የሚያቃጥል ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ነው። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ያለው ልጆች ላይ የሚዛመት ኢምፔታይጎ ነው። ቅርጹ ቀጥ ያለ መስመር ወይም የሰዓት ማሰሪያ ቅርጽ የያዘ ከሆነ የነካው ነገር አለ ማለት ነው። ማታ ማታ የሚያሳክክ፣ ቤተሰቡንም የያዘ ከሆነ እከክን አስቡ፣ እከክ ሽማግሌዎች ላይ ውሃ ቋጥሮ ፔምፊጎይድ ሊመስል እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም።

3. ታሪኩን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ

ፎቶው ቀልድ አይደለም። እብጠቱ በፔምፊገስ ሰዓታት ብቻ ቆይቶ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሐኪም ጋ ስትደርሱ የሚታየው የተላጠ ቁስል ብቻ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ሲወጣ ወዲያው በደህና ብርሃን አንሱት፣ ከቅርብም ከራቅ ብላችሁም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላት ቀይ ሆኖ አይታይም፣ ሐምራዊ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል፣ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቀይ ፎቶ እየፈለጋችሁ እንዳትሸወዱ።

ከዛ እነዚህን መልሱ፦

- መቼ ጀመረ? ከተወለደ ጀምሮ ነው? (ከሆነ በዘር የሚመጣውን ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ነው የምንፈትሸው፣ እዛ ላይ ትንሽ ፍትጊያ ይበቃል ቆዳውን ለመላጥ)
- እብጠቱ ከመውጣቱ በፊት ማሳከክ ነበር? ለስንት ጊዜ?
- ያማል ወይስ ያሳክካል?
- መጀመሪያ የወጣው የት ነው፣ አፍ ላይ ወይስ ቆዳ ላይ?
- ምን ምን መድኃኒት ይወስዳል? የስኳር መድኃኒቱን ቪልዳግሊፕቲንን፣ የካንሰር ኢሚውኖቴራፒን፣ በመርፌ የተሰጠ ቫንኮማይሲንን ነጥላችሁ ጠይቁ።
- ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ያለበት ሰው አለ?

4. እብጠቱን በደንብ ተመልከቱት

አሁን ጓንት አድርጉና ቀረብ በሉ። ክዳኑ ላይ አተኩሩ። ስስ፣ ልል፣ ገና ሳትነኩት የሚፈስ፣ አብዛኛውም ፈንድቶ ጥሬ ስጋ የሚመስል ቁስል ብቻ የቀረ ከሆነ የተላቀቀው ላይኛው ንብርብር ውስጥ ነው፣ ወደ ፔምፊገስ ያደላል። ውጥር ያለ፣ ጉልላት የመሰለ፣ በጣት ስትነኩት የሚገፋችሁ፣ ቀናት የሚቆይ፣ አንዳንዴም ውስጡ ደም ያዘለ ከሆነ ክዳኑ ሙሉ ኤፒደርሚስ ነው ማለት ነው፣ ከድንበሩ ላይ ነው የተነሳው፣ ወደ ፔምፊጎይድና ወደ ዘመዶቹ ያደላል።

ኒኮልስኪ የሚባል ምርመራ አለ፣ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፣ ዛሬም ይሰራል። ከቁስሉ አጠገብ ደህና የሚመስለውን ቆዳ በአውራ ጣት ጫን ብሎ ወደ ጎን መግፋት ነው። ላይኛው ቆዳ ተንሸራቶ ከወጣ ፖዘቲቭ ነው። በፔምፊገስ፣ በቴንና በልጆቹ የስታፍ በሽታ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ በፔምፊጎይድ ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቭ ነው። ሌላው እብጠቱን ራሱን ከላይ ቀስ ብሎ መጫን ነው፣ ውሃው ወደ ጎን እየሰፋ ከሄደ ጫፉን እዩት፦ ሾል ብሎ ከሰፋ ፔምፊገስ፣ ክብ ሆኖ ከሰፋ ፔምፊጎይድ። ቤት ውስጥ አትሞክሩት በማርያም፣ አንድ ቦታ በደንብ ከታየ ይበቃል፣ እየዞሩ ታማሚውን መላጥ ምርመራ አይባልም።

5. አፍ፣ ዓይን፣ ብልት

እኔ ቢሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ ከአፍ እጀምራለሁ። ፔምፊገስ ቩልጋሪስ (ዋናው የፔምፊገስ ዓይነት) አብዛኛው ሰው ላይ የሚጀምረው አፍ ውስጥ ነው፣ ቆዳው ላይ ምንም ሳይወጣ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ እና ሰውየው የጥርስ ሐኪም ጋ፣ የጉሮሮ ሐኪም ጋ፣ እንደገና የጥርስ ሐኪም ጋ ሲመላለስ፣ የቫይታሚን እጥረት ነው ፈንገስ ነው እየተባለ፣ ምግብ መዋጥ አቅቶት ሲከሳ ማንም ቆዳን አያስብም። ጉንጭ ውስጥ፣ ላንቃ ላይ፣ ድድ ላይ የማይድን የተላጠ ቁስል ከወር በላይ ከቆየ ባዮፕሲ (ትንሽ ናሙና ቆርጦ መመርመር) ይገባዋል፣ በቃ።

ቡለስ ፔምፊጎይድ (ዋናው የፔምፊጎይድ ዓይነት) አፍ ውስጥ የሚገባው ከአስር ሰው ቢበዛ ሦስቱ ላይ ነው፣ ሲገባም ቀለል ይላል። ፔምፊገስ ፎሊያሺየስ (ላይ ላዩን ብቻ የሚላቀቀው የፔምፊገስ ዓይነት) ደግሞ አፍን አይነካም። ነገር ግን ውጥር ያለው ዓይነት ሆኖ በዋናነት አፍና ዓይን ላይ ከሆነ ሙከስ ሜምብሬን ፔምፊጎይድ አለ፣ እሱ ጠባሳ ይተዋል። ዓይን መቅላት፣ ውስጡ አሸዋ ያለ መምሰል፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስትስቡት ከዓይኑ ጋር የተያያዘ ክር የመሰለ ነገር ካያችሁ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ በዛው ሳምንት ይሁን፣ ብርሃን ያሳጣል።

6. በብዛት የሚምታቱት እነማን ናቸው?

*ፔምፊገስ ቩልጋሪስና ቡለስ ፔምፊጎይድ።* ቅድም እንዳልኩት ስስ ክዳንና ውጥር ክዳን። እድሜም ይረዳል፣ ፔምፊገስ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ ሲሆን ፔምፊጎይድ የሽማግሌዎች ነው፣ በተለይ ከ70 በላይ፣ ፓርኪንሰን፣ ስትሮክ ወይም የመርሳት በሽታ ያለባቸው ላይ ይበዛል። የፔምፊጎይድ ተንኮሉ እብጠቱ ሳይወጣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ማሳከክና ሽፍታ ብቻ ሆኖ መቆየቱ ነው፣ እና እድሜያቸው ለገፋ ሰው "ድርቀት ነው ቅባት ይቀቡ" ተብሎ ይታለፋል። ሽማግሌ ላይ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ምክንያቱ ካልታወቀ ይሄን በሽታ ከዝርዝሩ አታውጡት።

*ፔምፊገስ ፎሊያሺየስና የፎረፎር ዓይነት ሽፍታ።* ይሄኛው በጣም ላይ ላዩን ስለሚላቀቅ እብጠት ጭራሽ ላታዩ ትችላላችሁ፣ የሚታየው ጭንቅላት፣ ፊት፣ ደረትና ጀርባ ላይ የደረቀ ቅርፊት ነው፣ ስታነሱት ከስሩ እርጥብ ቁስል አለ። ፎረፎር ሲነሳ ከስሩ እርጥብ ቁስል አይተውም።

*ደርማታይቲስ ሄርፔቲፎርሚስና ኤክዚማ።* ስሙ ሄርፒስ ቢመስልም ከሄርፒስ ቫይረስ ጋር ዝምድና የለውም። ክርን፣ ጉልበት፣ መቀመጫ፣ ጭንቅላት ላይ በሁለቱም ጎን እኩል የሚወጡ ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው፣ ማሳከኩ ከባድ ስለሆነ ሰውየው ሲመጣ ሁሉንም ቧጥጦ ጨርሶ ነው፣ የምታዩት የጥፍር ምልክት ብቻ ነው። ከሲሊያክ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ካለው ግሉተን ጋር። ሆዱን ባያመውም በሽታው ሊኖር ይችላል። የሲሊያክ የደም ምርመራ ሳይሰራ ግሉተን እንዳያቆም ንገሩት፣ ካቆመ ውጤቱ ይደበዝዛል። ዳፕሶን (ለዚህ በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት) ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴሎችን የሚጠብቅ ኤንዛይም) መለካት አለበት።

*ሊኒየር አይጂኤ።* አይጂኤ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ድንበሩ ላይ በመስመር የሚቀመጥበት በሽታ ነው። ልጆች ላይ አሮጌው እብጠት ዙሪያ አዳዲሶቹ ክብ ሰርተው እንደ ዶቃ ይደረደራሉ፣ አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። አዋቂ ላይ ቫንኮማይሲን ከተወጋ በኋላ ከመጣ መድኃኒቱን ጠርጥሩ።

*ሄይሊ ሄይሊና የብብት ፈንገስ።* ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጡት ስር፣ የሚሸት፣ የሚሰነጠቅ፣ ሙቀትና ላብ የሚያብሰው፣ ሄዶ የሚመለስ። የፈንገስ ቅባት ትንሽ ያሻሽለዋል እንጂ አይጨርሰውም። በዘር ነው የሚመጣው፣ ኤቲፒ2ሲ1 የሚባል ጂን ላይ ባለ ለውጥ፣ ብዙ ጊዜ ከወላጆች አንዱም አለበት፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ "ፈንገስ" ሲባል የኖረ ሊሆን ይችላል።

*ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ አክዊዚታና ፖርፊሪያ ኩታኒያ ታርዳ።* ሁለቱም የእጅ ጀርባ ላይ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ጠባሳና ነጭ ደቃቅ ፍሬ ይተዋሉ። የመጀመሪያው (ስሙ ቢመሳሰልም ቅድም ያልነው በዘር የሚመጣው አይደለም) ፍትጊያ ያለበትን ቦታ ሁሉ ይከተላል፣ ክርን ጉልበት ምናምን። ሁለተኛው ፀሐይ ያገኘውን ይከተላል፣ ጉንጭ ላይ ያልነበረ ፀጉር ያበቅላል፣ ሽንትም ሊጠቁር ይችላል፣ እዛ ላይ ጉበትን፣ ሄፓታይተስ ሲን፣ የብረት ክምችትንና ኤች አይ ቪን መመርመር ግድ ነው።

7. ባዮፕሲ፦ ሁለት ናሙና፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ጠርሙስ

ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በተቻለ መጠን ስቴሮይድ በአፍ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ፣ ሰውየው በጣም ካልተጎዳ በስተቀር።

የመጀመሪያው ናሙና ለተራ ማይክሮስኮፕ ነው። አዲስ እብጠት ምረጡ፣ ቢቻል ከወጣ 1 ወይም 2 ቀን ያልበለጠው። ከጫፉ ነው የሚወሰደው፣ ግማሹ እብጠት ግማሹ አጠገቡ ያለ ቆዳ እንዲሆን። እብጠቱ ትንሽ ከሆነ ሙሉውን ውሰዱት። ከመሃሉ ከወሰዳችሁ ክዳኑ ተገንጥሎ ይቀርና ፓቶሎጂስቱ የሚያየው ነገር የለውም። አሮጌ እብጠት ደግሞ ከስሩ አዲስ ቆዳ ማብቀል ስለሚጀምር ድንበሩ ላይ የነበረው ላይኛው ንብርብር ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ፔምፊጎይዱ ፔምፊገስ መስሎ ይወጣል። ይሄ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ለዳይሬክት ኢሚውኖፍሎረሰንስ ነው፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን አንቲቦዲ በብርሃን የሚያሳየው። ከእብጠቱ ራሱ አይወሰድም! በ1 ሴንቲሜትር ውስጥ ካለ ደህና የሚመስል ቆዳ ነው፣ ቁስሉ ላይ አንቲቦዲው ሊጠፋ ስለሚችል። ከጉልበት በታች ካለ እግር ባይሆን ይመረጣል፣ እዛ የውሸት ኔጋቲቭ ይበዛል። ይሄ ናሙና ፎርማሊን ውስጥ በጭራሽ አይገባም፣ ከገባ ሞተ፣ ሚሼል ሚዲየም የሚባለው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እሱ ከሌለ ደግሞ ላቦራቶሪው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርሰው ከሆነ ኖርማል ሳላይን ይሰራል። ናሙናውን ከመውሰዳችሁ በፊት ላቦራቶሪው ምን እንደሚቀበል ደውላችሁ ጠይቁ። ጠርሙሶቹ ላይ ስም ብቻ ሳይሆን "ከእብጠት ጫፍ፣ ፎርማሊን" እና "ከአጠገቡ፣ ለኢሚውኖ" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፣ ተላላኪው ሁለቱንም አንድ ላይ ፎርማሊን ውስጥ ጨምሮ "አስተካከልኩላችሁ" እንዳይላችሁ።

ወረቀቱ ላይ "ሽፍታ" ብቻ ብላችሁ አትላኩ። እድሜ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ክዳኑ ስስ ነው ውጥር፣ አፍ አለበት የለበትም፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ የምትጠረጥሩት ሁለት ሦስት በሽታ። ፓቶሎጂስቱ ታማሚውን አያየውም፣ ያላችሁትን ነው የሚያየው።

8. ውጤቱን ማንበብ

ተራው ማይክሮስኮፕ ጥልቀቱን ይነግራችኋል። ሴሎቹ ተላቀው ከታች አንድ ረድፍ ብቻ ቆሞ ከቀረ ፔምፊገስ ቩልጋሪስ፣ ስንጥቁ ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ከሆነ ፎሊያሺየስ፣ ሙሉው ኤፒደርሚስ ተነስቶ ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ሴሎች ከበዙ ፔምፊጎይድ፣ ኤፒደርሚሱ በሙሉ ከሞተ ቴን።

ኢሚውኖፍሎረሰንሱ ደግሞ እንዲህ ነው (አይጂጂና አይጂኤ የአንቲቦዲ ዓይነቶች ናቸው፣ ሲ3 ከነሱ ጋር የሚሰራ የደም ፕሮቲን ነው)፦

- አይጂጂ በሴሎቹ መሃል የዓሣ መረብ መስሎ ካበራ፦ ፔምፊገስ
- አይጂጂና ሲ3 ድንበሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ፦ ፔምፊጎይድ ወይም አክዊዚታ
- አይጂኤ በመስመር ከሆነ፦ ሊኒየር አይጂኤ
- አይጂኤ በነጠብጣብ ደርሚስ ጫፎች ላይ ከሆነ፦ ደርማታይቲስ ሄርፔቲፎርሚስ
- ምንም ካላበራና ታሪኩ በዘር ከሆነ፦ ሄይሊ ሄይሊ

ሁለተኛው መስመር ላይ ያሉት ሁለቱ በዚህ አይለዩም። ቆዳውን በጨው ውሃ ሆን ብለው ድንበሩ ላይ ይሰነጥቁትና አንቲቦዲው የት እንደተቀመጠ ያያሉ፣ ጣሪያው ላይ ከሆነ ቡለስ ፔምፊጎይድ፣ ወለሉ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አክዊዚታ ነው፣ እሱ ኮላጅን 7ን ስለሚያጠቃ። ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ አክዊዚታ ለመድኃኒት በጣም እምቢተኛ ነው፣ ከመጀመሪያው ማወቁ ተስፋንም ዶዝንም ያስተካክላል።

ደም ላይ የሚሰራው፣ አንቲቦዲ የሚለካው ኤላይዛ ፔምፊገስን ይከፋፍለዋል። ዴስሞግሌይን 3 ብቻ ከሆነ በሽታው አፍ ላይ ያመዝናል፣ 1 እና 3 ሁለቱም ከሆኑ አፍም ቆዳም፣ 1 ብቻ ከሆነ ፎሊያሺየስ። ለፔምፊጎይድ የሚፈለጉት ቢፒ180 እና ቢፒ230 የሚባሉትን የድንበሩን ፕሮቲኖች የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች ናቸው። ባዮፕሲ ማድረግ ለማይችል ሰውም ይጠቅማል፣ ግን ኤላይዛው ኔጋቲቭ ሆኖ ቆዳው ፔምፊጎይድ ነው ካለ ቆዳውን እመኑ።

ውጤቱና የምታዩት ነገር ካልተጣጣመ ወረቀቱን ይዛችሁ አትከራከሩ፣ ከሌላ ቦታ አዲስ ናሙና አስወስዱ። አንድ ኔጋቲቭ በሽታውን አያስቀረውም፣ በተለይ ናሙናው ከእግር ከተወሰደ ወይም ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ለሳምንታት ከተቀባበት ቦታ ከሆነ።

ውጤት እስኪመጣ

ክዳኑን አትላጡ፣ ክዳኑ ራሱ ፋሻ ነው። በጣም የተወጠረና የሚያስቸግር ከሆነ ነርስ በንጹህ መርፌ ጎኑን ወግታ ውሃውን ታውጣው፣ ቆዳው እንዲተኛ ይተው። ቫዝሊን ቀብታችሁ የማይጣበቅ ፋሻ አድርጉ፣ ፕላስተር ቆዳው ላይ በቀጥታ አትለጥፉ፣ ሲነሳ ቆዳውን ይዞት ይሄዳል። አፍ ከቆሰለ ትኩስ፣ ጎምዛዛና የሚያቃጥል ምግብ ይቅር፣ ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ወይ ውሃ መዋጥ ካቃተ ቀጠሮ አትጠብቁ። ፕሬድኒሶሎን (በአፍ የሚወሰደው ስቴሮይድ) ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ ደህና ሆንኩ ብሎ በአንድ ቀን ማቆም አይቻልም፣ አደገኛ ነው፣ የሚቀነሰው በሐኪም ትዕዛዝ ቀስ በቀስ ነው።